ለቀብር አበባ ዋጋ ስታወጡ የደንበኛውን ጫማ አትዩ

ይህን ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ወንድማማቾች ለአባታቸው ቀብር አበባ ሊያዝዙ በተለያየ ሰዓት መጡ። ታላቁ ጠዋት የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ታናሹ ከሰዓት በኋላ ጫማው እንደ መስታወት እያበራ። አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ሁለቱም የመረጡት አንድ ዓይነት የአበባ ጉንጉን ነበር፤ በነጭ ክሪሳንተመም የተሞላ፣ ጽጌረዳ ጣል ጣል ያለበት። ለታላቁ በመጣልኝ ዋጋ ሸጥኩለት። በታናሹ ላይ ግማሽ ያህል ጨመርኩ። ተንኮል አልነበረም፤ "ይህኛው ይችላል" ብዬ ነው። ሁለቱ ጉንጉኖች መቃብሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ወንድማማቾቹ አብረው መጡ። ታናሹ ድምፁን እንኳ አላነሳም፤ "ልዩነቱን ያሳዩን" ብቻ አለኝ። የማሳየው ልዩነት አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዋጋ የምወስነው ደንበኛው በሩን ከመክፈቱ በፊት ነው፤ በደብተር ላይ፣ በቁጥር። አቅም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ የሚለያየው የምሠራው ነገር መሆን አለበት እንጂ ለአንድ ዓይነት ሥራ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። አሠራሩን እንደሚከተለው ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ደብተሩ

ለምትሸጡት እያንዳንዱ ዓይነት አንድ ገጽ ይኑረው። በገጹ ላይ ስንት ዘንግ አበባ፣ ስንት እስር ቅጠል፣ ምን ዓይነት ማስቀመጫ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጻፍ። "እንደ ሁኔታው" የሚል ቃል በዚህ ገጽ ላይ ቦታ የለውም። እኔ አንድ ጊዜ "ጽጌረዳ፣ በቂ" ብዬ ጽፌ ረዳቴ አርባ ሰክታበት አግኝቻለሁ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም።

ገበያው በየቦታው ስለሚለያይ የገንዘብ ስም አልጠቅስም። የአንድ ዘንግ ካርኔሽን መግዣ 1 ይሁንና የቀረውን ከእርሱ ጋር እናነጻጽር። በእኔ ደብተር በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ አበባ የሚይዘው ክሪሳንተመም 1.5፣ ጽጌረዳ 2፣ ሊሊ 4፣ አንድ እስር ማጀቢያ ቅጠል 6 ነው። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ፤ መንገዱ ያው ነው።

አሁን ያን የወንድማማቾቹን ጉንጉን እናስላ። ሃያ ዘንግ ክሪሳንተመም 30፣ አሥራ ሁለት ጽጌረዳ 24፣ ሁለት እስር ቅጠል 12፤ ድምሩ 66። በዚህ ላይ ለሚሰበረውና ለሚጠወልገው 10 በመቶ እጨምራለሁ፤ 73 ገደማ ይሆናል። ይህን በሦስት አባዛለሁ፤ 219። አበባው የሚሰካበት ክብ ስፖንጅ፣ ጥብጣቡ፣ ካርዱና መርፌው 18 ከወጣባቸው በሁለት ይባዛሉ፤ 36። የእጅ ሥራው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ለሰዓት 40 ስለማስብ 50። ጠቅላላ 305።

በሦስት ማባዛት ሰውን ያስደነግጣል፤ እኔንም መጀመሪያ አስደንግጦኛል። ግን አንዱ እጅ አበባውን መልሶ ይገዛል፣ ሁለተኛው እጅ ኪራዩን፣ የማቀዝቀዣውን መብራትና ሳይሸጥ የሚጣለውን አበባ ይሸፍናል፣ ከሦስተኛው እጅ ግብርና ሌላ ሌላው ተከፍሎ የሚተርፈው ትርፍ ይባላል። በሁለት ተኩል የሚያባዛ ነጋዴ አውቃለሁ፤ በሦስት ተኩል የሚያባዛም አለ። የቱንም ምረጡ፤ ግን ለሁሉም ደንበኛ አንድ ይሁን። ስፖንጅና ጥብጣብ መደርደሪያ ላይ ዓመት ቢቀመጡም ስለማይጠወልጉ ማባዣቸው ያንሳል።

በዚህ ቦታ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውን ልናገር። በ100 የተገዛ አበባ ላይ 50 በመቶ ጨምሮ በ150 የሸጠ ሰው ከሽያጩ ግማሹ የቀረው ይመስለዋል። የቀረው 50 ግን ከ150 ሲታይ 33 በመቶ ነው፤ ኪራዩም ገና አልተከፈለም።

የእጅ ዋጋ በደቂቃ እንጂ በመቶኛ አይሁን

ሥራውን ያስተማረችኝ ሴት የእጅ ዋጋን ከጠቅላላው 20 በመቶ አድርጋ ነበር የምትጨምረው። በብዙ ቦታም የሚሠራበት ይኸው ነው። እኔ ተውኩት፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ስድሳ ካርኔሽን ጥቅጥቅ ብሎ የተሰካበት መስቀል ውሰዱ። አበባው ከብክነቱ ጋር 66፣ በሦስት ሲባዛ 198፤ ዕቃው 15፣ በሁለት ሲባዛ 30፤ በድምሩ 228። ሃያ በመቶው 46 ገደማ ነው። ይህን መስቀል ጠርዙ ሳይንሻፈፍ ለመሙላት ግን ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ በእኔ ስሌት 80 ማለት ነው። በሌላ በኩል አሥር ሊሊ ከሁለት እስር ቅጠል ጋር በእቅፍ ታስሮ ዋጋው 181 ቢደርስ ሃያ በመቶው 36 ይሆናል፤ ሥራው ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ 17።

ያ ማለት በመቶኛ ስትሠሩ ርካሽ አበባ የመረጠው ደንበኛ የሚገባውን የእጅ ዋጋ አይከፍልም፤ ሊሊ የገዛው ደግሞ የእርሱን ይከፍልለታል። የባሰው በእጃችሁ ላይ የሚሆነው ነው። ሳታስቡት በካርኔሽኑ መስቀል ላይ መቸኮል ትጀምራላችሁ፤ ምክንያቱም አይከፍላችሁም። እኔ ያንን በራሴ ላይ አይቻለሁ። ትንሽ የከፈለ ሰው ትንሽ አበባ ይቀበል፤ የተቸኮለ ሥራ ግን አይቀበል።

አራት ደረጃ፣ አንድ ጥራት

በእኔ ሱቅ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አራት መሠረታዊ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው አንድ ዘንግ ነው። አንድ ጽጌረዳ፣ ትንሽ ቅጠል፣ ጥብጣብ፣ በእጅ የተጻፈ ካርድ። ስሌቱ 14 አካባቢ ያርፋል። ይህን ከዝርዝሩ ያወጡት ብዙ ሱቆች አሉ፤ "ለአንድ አበባ ሰው አላስተናግድም" ይላሉ። እኔ እወደዋለሁ። ልጆች ይገዙታል፣ የሟችን ስም እንኳ በትክክል የማያውቁ ጎረቤቶች ይገዙታል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ያም ተከፍሏል።

ሁለተኛው እስር ነው፤ ያለ ስፖንጅ፣ ዘንጎቹ በእጅ ተደራርበው በጥብጣብ የሚታሰሩበት። አሥራ አምስት ካርኔሽን፣ አምስት ክሪሳንተመም፣ አንድ እስር ቅጠል፤ ሃያ ደቂቃ። 112 ይመጣል። ከጉንጉኑ ዋጋ ሲሶ ቢጤ ነው፤ ሲቀመጥ ግን ርዝመት ስላለው ትንሽ አይመስልም። አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ደንበኛ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ጉንጉኑ ሲሆን፣ ስሌቱን አይታችሁታል። አራተኛው የሣጥን ላይ አበባ ነው። አሥር ሊሊ፣ አርባ ጽጌረዳ፣ ሃያ ክሪሳንተመም፣ አምስት እስር ቅጠል፣ ከመቶ ደቂቃ ሥራ ጋር 731 አካባቢ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ቤተሰብ ነው የሚያዝዘው። ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ገንዘቡ ካለ ሥራው ቀላል ነው።

ችግሩ በመካከል ነው። ደንበኛው ጉንጉን ይፈልጋል፤ ያለው ግን 200 ነው። በዚህ ጊዜ ጀማሪ የሚያደርገው ያንኑ ሠላሳ ሁለት አበባ ወደ ሃያ ቀንሶ በክቡ ዙሪያ ሁሉ ማሰራጨት ነው። አታድርጉት። ስፖንጁ በየክፍተቱ ይታያል፤ ሐዘንተኛው ከሩቅ አይቶ "ገንዘብ አልበቃቸውም" የሚለው እንዲህ ያለውን ጉንጉን ነው። ይልቁንስ ክቡን በሙሉ በቅጠል ሸፍኑትና አበባውን በአንድ በኩል፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሰብስቡት። ሦስት እስር ቅጠል 18፣ ስድስት ጽጌረዳ 12፣ አምስት ክሪሳንተመም 7.5፤ ከብክነቱ ጋር 41፣ በሦስት 123። ዕቃው እንደ ቀድሞው 36፤ ሥራው ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይወርዳል፤ 33። ድምሩ 192። አሥራ አንድ አበባ ብቻ ያለበት ጉንጉን ነው፤ ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠራ ስለሚመስል ሙሉ ገንዘብ ኖሯቸው እንኳ ይህንን የሚመርጡ ደንበኞች አሉኝ።

ቀለም መቀነስም ይረዳል። አምስት ዓይነት አበባ ለመግዛት አምስት እስር መክፈት አለባችሁ፤ የሚተርፈው ዘንግ የማን ነው? አንድ ቀለም፣ ሁለት ዓይነት አበባ ከሆነ ግን ትራፊው ለነገ ይሆናል። የዝቅተኛ ዋጋ ሥራችሁን ሁሉ በካርኔሽንና በክሪሳንተመም ላይ መሥርቱ። ሁለቱም በደንብ ከተያዙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ጽጌረዳ ሳምንት አካባቢ ነው። ካርኔሽንን ከሚበስል ፍራፍሬ አርቁት፤ ፍሬው የሚተፋው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አበባውን ያስተኛዋል። ፍራፍሬ ያለበትን ምሳዬን ከአበባው ማቀዝቀዣ ማውጣት እስክማር አንድ ሙሉ ባልዲ ካርኔሽን ከስሬያለሁ።

ሊሊን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከገበያ የምታመጡት እምቡጥ ለመፈንዳት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ቀብሩ ነገ ከሆነ ደንበኛው ለአሥር ሊሊ ከፍሎ አሥር አረንጓዴ እምቡጥ ይቀበላል። የተከፈተ ከሌላችሁ አትሽጡ፤ በጽጌረዳ ተኩና የዋጋውን ልዩነት መልሱ። የተከፈተውን ስትሠሩበት ደግሞ ቡናማውን ዱቄት የያዙትን ጫፎች ንቀሉ፤ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም።

"ትንሽ ሰፋ ያለ" የሚለው ወጥመድ

አንዲት ደንበኛ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ልብ ቅርጽ አይታ "ይህን ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ፣ 60 ይሁን" አለችኝ። ግማሽ ጨመረ ብዬ ዋጋውም ላይ ግማሽ ጨመርኩ። ሌሊት ስሠራ አበባው አልቆ የቅርጹ ሲሶ ገና ባዶ ነው። የሚሞላ ቅርጽ ስፋቱ በአንድ ተኩል ሲያድግ ገጹ በአንድ ተኩል ጊዜ አንድ ተኩል፣ ማለትም በ2.25 ያድጋል። ለእጥፍ ከሩብ አበባ የአንድ ተኩል ዋጋ ተቀብዬ ነበር። መሐሉ ባዶ የሆነ ጉንጉን፣ ውፍረቱ ካልተለወጠ፣ ከአንድ ተኩል ጥቂት ከፍ ቢል ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሰው በጥቂት ገንዘብ ትልቅ ነገር ሲፈልግ ልብና ትራስ ሳይሆን ቀለበት አሳዩት። እኔ የየመጠኑን ዋጋ በሠንጠረዥ ጽፌ ከመቀሱ ጎን ሰቅዬዋለሁ፤ በሐዘን ፊት ቆሞ ማባዛት ይከብዳል።

ምን ብለን እንጠይቅ

"ስንት አለዎት?" አይባልም። የሞተበት ሰው የሚወደውን በገንዘብ እንዲመዝን የተጠየቀ ይመስለዋል፤ ከአቅሙ በላይ ይናገራል፣ ማታ ይጸጸታል። እኔ ፎቶዎቹን ዋጋቸው ከሥራቸው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ አደርጋለሁ፤ ከመካከለኛው ገጽ ከፍቼ ዝም እላለሁ። ሰው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ራሱ ይገልጣል። ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩሉ።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ፎቶውን ቆመው ረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ ይህ ትልቁ ለባለቤቴ ነበር የሚገባው" አሉኝ። ከዚህ ንግግር በኋላ ሁለት መጥፎ መልሶች አሉ፤ "ይገባቸዋል፣ ይውሰዱት" ማለትና "ምንም አይደል፣ ትንሹም ይበቃል" ማለት። "ምን አበባ ይወዱ ነበር እማማ?" አልኳቸው። ነጭ ካርኔሽን ነበር። እስሩን በነጭ ካርኔሽን ብቻ ሠራሁላቸው፤ ዋጋው በዝርዝሩ ላይ ካለው ጥቂት አነሰ፤ ያነሰውን መለስኩ። ይህን የምጽፈው ደግነቴን ለማሳየት አይደለም፤ ጥያቄው ስለሚሠራ ነው። ስለ ሟቹ የተጠየቀ ሰው ስለ ገንዘብ ለመናገር ይቀለዋል።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች አዋጥተው ሲመጡ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ገንዘቡ ይታወቃል፣ ሥራው ገና ነው። ያኔ ከኋላ ወደ ፊት አስሉ። 200 ካመጡ ዕቃውን 30 እና የእጁን 40 ቀንሱ፤ 130 ይቀራል። በሦስት ሲካፈል 43፣ ለብክነቱ በ1.1 ሲካፈል 39። ገበያ ወጥታችሁ በ39 የምትገዙትን አበባ ነው የምትሠሩላቸው። አንድ ወኪል ይሰይሙ፤ "ሌላም ሊጨመር ይችላል" ካሉ የመጨረሻውን ቁጥር የምትቀበሉበትን ሰዓት ቁረጡ። እኔ ቀጠሮ ሳልቆርጥ አንድ ጉንጉን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ።

ማዘንና ማስከፈል

ሆዴ ባባ ብዬ በመግዣው ዋጋ የሸጥኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ውጤቱን በሐቀኝነት ልናገር፦ በመግዣ ዋጋ በሰጠሁት ሥራ ላይ እጄ ሳላዝዘው የትናንቱን አበባ ያነሣ ጀመር። ሰውየው ቅናሽ አገኘሁ ብሎ ያመሰግነኛል፣ እኔ ደግሞ የተጎዳሁ ይመስለኛል። አሁን ለዚህ በደብተሬ የተለየ ገጽ አለ። በየወሩ ከትርፌ ላይ የተወሰነ ገንዘብ እመድባለሁ፤ መክፈል ለማይችል ሰው ከዚያ ሙሉውን ዋጋ እኔው እከፍላለሁ፤ አበባው ልክ እንደ ተሸጠ ሁሉ ትኩስ ይሆናል። ገንዘቡ ካለቀ ወሩ አልቋል፤ አንድ ዘንጉ ግን ሁልጊዜ አለ።

ተጨማሪ የአስቸኳይ ክፍያ አልጠይቅም። ቀብር ሁልጊዜ አስቸኳይ ነው፤ ጥድፊያው መሠረታዊው ዋጋ ውስጥ ገብቷል። ማድረሻውን ግን ለብቻው ጻፉት፤ በአበባው ውስጥ ከደበቃችሁት ራሱ መጥቶ የሚወስደው ሰው የሩቁን ይከፍላል።

ትዕዛዙ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የሚከፍለው ሰው ስም፣ የተቀበላችሁት ግማሽ ቀብድ፣ እና "አበባው ካልተገኘ በተመሳሳይ ቀለም ይተካል" የሚለው መስመር። የሚያዝዘው ዘመድ የሚከፍለው እንዳልሆነ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከቀብሩ በኋላ ነው። የመተኪያው መስመር ደግሞ ከፍቅረኞች ቀን በፊት ባሉት ቀናት፣ ጽጌረዳ ሰማይ ሲነካ፣ ከኪሳራ ያድናችኋል። ቀብሩ በአንድ ቀን ቢራዘም የተሠራውን በማቀዝቀዣ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቆየዋለሁ፤ አላስከፍልም። ከዚያ ካለፈ የተቀየረውን ዘንግ ብቻ አስከፍላለሁ።

ስፖንጁን መልሶ መጠቀም ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አይቻልም፤ አንዴ ከደረቀ ውኃ እንደ መጀመሪያው አይጠጣም። ስታርሱትም በእጅ አትድፈቁት፤ ውኃው ላይ ጣሉትና ራሱ ይስመጥ፤ አለበለዚያ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይቀርና ማለዳ የሰካችሁት ጽጌረዳ ቀብሩ ሳይጀመር አንገቱን ይደፋል። የሽቦ ክቡን ግን ከመለሱልኝ ዋጋውን እመልሳለሁ። በሽቦ ክብ ላይ ሞስ የሚባለውን እርጥብ ሣር መሳይ ተክል ጠምጥሞ መሥራትም ይቻላል፤ ዕቃው ይረክሳል፣ ደቂቃው ይጨምራል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ቀይሩ።

ዘወትር ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን ሳልከፍት፣ የሳምንቱን መግዣ ይዤ ገጾቹን አንድ በአንድ አስተካክላለሁ። የአበባው ዋጋ የተጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእጁ ግን በእስክሪብቶ።